ዋስ የሌለው ትውውቅ

(በኢንተርኔት ከማናውቀው ሰው ጋር ስለ መገናኘትና ወደ ውጭ አገር ስለ መሄድ ተስፋ የቀረበ ትምህርት)

መግቢያ

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይላሉ አባቶቻችን። በእነርሱ ዘመን ነገሩ እውነት ነበረ። ሰው ይናፍቅ የነበረው ተወልዶ ያደገበትን ቀዬ፣ ውኃ የቀዳበትን ምንጭ፣ እሸት የቀጠፈበትን ማሳ ነበርና። በእኛ ዘመን ግን አባባሉ የተገለበጠ ይመስላል። ዛሬ በየካ ተራራ ሥር ያደገ ወጣት አንድ ቀን እንኳ ያልረገጠውን ቶሮንቶን ይናፍቃል። የዋሽንግተንን ሠፈሮች በስማቸው ይጠራል፤ የዱባይ የአንድ ወር ደመወዝ በብር ሲመነዘር ስንት እንደሚሆን ሳያሰላ አያድርም።

ውድ አንባብያን፣ ይህ ጽሑፍ ናፍቆቱን ለመንቀፍ የተዘጋጀ አይደለም። ተመርቆ ሥራ ያጣ፣ የቤት ኪራይ ያስመረረው፣ ከእንጦጦ ጫካ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክማ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን በምትወርድ እናት ድካም ያደገ ልጅ «ልሂድ፣ ልሥራ፣ እናቴን ልጡር» ቢል ማን ይፈርድበታል? መሄድ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ መቅረትም በራሱ ጀግንነት አይደለም። እኛ የምንመረምረው በናፍቆቱና በጉዞው መካከል የቆመውን ሰው ነው። ይኸውም በቴሌግራም፣ በፌስቡክ፣ በቲክቶክና በዋትስአፕ «ሰላም፣ እንዴት ነሽ? እንዴት ነህ?» ብሎ የሚጀምረው፣ በአካል አይተነው የማናውቀው፣ ነገር ግን የጉዟችሁን ቁልፍ ይዣለሁ የሚለው ሰው ነው።

ለመሆኑ ይህን ሰው እንመነው ወይስ አንመነው? አንዳንዶች «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» በማለት እንግዳውን ሁሉ ይሸሻሉ። ሌሎች ደግሞ «ዕድል ሁለት ጊዜ አያንኳኳም» ብለው ልባቸውንም ኪሳቸውንም ይከፍታሉ። ሁለቱም መንገዶች አያዋጡም። የዚህ ትምህርት ፍሬ ነገር በአጭሩ ይህ ነው፤ ችግሩ ሰውየው የማናውቀው መሆኑ አይደለም፤ ችግሩ ዋስ የሌለው መሆኑ ነው።

1ኛ/ አባቶቻችን እንግዳን እንዴት ተቀበሉ?

የአገራችን ሰው እንግዳ ተቀባይ ነው ሲባል ተረት አይደለም። ሲመሽ ደጅ ላይ ቆሞ «የመሸብኝ መንገደኛ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ያለ ሰው የእግዜር እንግዳ ተብሎ ይገባል። እግሩ ይታጠባል፤ ካለው ነገር ይቀርብለታል፤ መደቡ ይለቀቅለታል። ከየት መጣህ፣ የማን ልጅ ነህ ተብሎ እህል ሳይቀምስ አይመረመርም።

ነገር ግን ያው እንግዳ በማግሥቱ «በሬህን አበድረኝ» ቢል ባለቤቱ ዋስ ጥራ ይለዋል። «ልጅህን ዳርልኝ» ቢለው ሽማግሌ ላክ ይለዋል፤ ሽማግሌው ቢመጣም እስከ ሰባት ቤት ዘር ይቆጠራል። ይህ ልማድ ዛሬም በከተማችን አልጠፋም። የቤት ሠራተኛ ስትቀጠር «ተያዥ አለሽ ወይ?» ተብላ ትጠየቃለች። ገንዘብ ያዥ ሆኖ የሚቀጠር ሰውም ዋስ አምጣ ይባላል። እንግዲህ በአባቶቻችን ቤት ሁለት በር ነበረ ማለት ነው። አንዱ የማዕድ በር ነው፤ እርሱ ለማንም ይከፈታል። ሁለተኛው የጎተራ በር ነው፤ እርሱ ያለ ዋስ አይከፈትም። እንጀራ ያለ ዋስ ይሰጣል፤ ልጅና ከብት ግን ያለ ዋስ አይሰጥም።

ዋስ ማለትስ ምን ማለት ነው? ብዙዎቻችን ዋስ ማለት የምናውቀው ሰው ማለት ይመስለናል። እንዲያ አይደለም። ዋስ ማለት እኛ ስንጎዳ አብሮን የሚጎዳ ማለት ነው። ተበዳሪው ቢጠፋ ዋሱ ከኪሱ ይከፍላል፤ ስለዚህም ከመፈረሙ በፊት አጥብቆ ያጣራል። እንግዲያውስ ትክክለኛው ጥያቄ «ይህን ሰው አውቀዋለሁ ወይ?» የሚል ሳይሆን «እኔ ብጠፋ ይህ ሰው ምን ያጣል?» የሚል ነው። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ጥያቄ በልብህ ያዘው፤ ደጋግመን እንመለስበታለንና።

ከባሕር ማዶ የመጣ ሁሉ ክፉ ነው ማለትም አይደለም። እንጦጦን ያለበሰው ባሕር ዛፍ ራሱ እንግዳ ነው። የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ ሲሆን ወደ እኛ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ማገዶ ላጣችው አዲስ አበባ ማገዶ ሆነ፤ ለቤት መሥሪያ ማገርና ወራጅ ሆነ። ውኃ አብዝቶ እንደሚጠጣና ከሥሩ ሌላ ቡቃያ እንደ ልብ እንደማያበቅል ደግሞ ቆይቶ ታየ። ጥቅሙንም ጉዳቱንም ያስተማረን ጊዜ ነው። ሰውም እንዲሁ ነው፤ በአንድ ሳምንት የጽሑፍ ልውውጥ አይታወቅም።

ከእኛ በፊት የነበሩ ወጣቶችም ከማያውቁት ሰው ጋር ይጻጻፉ ነበር። «የብዕር ጓደኛ» ይባል ነበር። ደብዳቤው በፖስታ ሄዶ መልሱ እስኪመጣ ሳምንታት ያልፉ ነበር፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ደብዳቤው በቤት ይነበባል፤ ፎቶግራፉ ለጓደኛ ይታያል፤ ታላቅ ወንድም ወይም እኅት «ይህ ነገር አላማረኝም» ለማለት ጊዜ ያገኛሉ። መዘግየቱ ራሱ እንደ ዋስ ያገለግል ነበር። ዛሬ መልሱ በሴኮንድ ይመጣል፤ የሚነበበውም በብርድ ልብስ ውስጥ በሌሊት ነው።

2ኛ/ ትውውቁ በምን መንገድ ይጓዛል?

ለምሳሌ ያህል በኮተቤ የምትኖር፣ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ሁለት ዓመት ሥራ የፈለገች አንዲት ወጣት እናስብ። ስለ ቪዛና ስለ ሥራ በሚያወራ አንድ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ «እኔም መሄድ እፈልጋለሁ፤ የምታውቁ ንገሩኝ» ብላ ጻፈች። በዚህች አንዲት ዐረፍተ ነገር ናፍቆቷን ለሺህ ሰው ገለጠች። ከዚያ በኋላ ነገሩ ብዙ ጊዜ በአምስት ደረጃ ይሄዳል።

ሀ/ ሰላምታ፦ አንድ ሰው በግል ይጽፍላታል። አንዳንዱ የአገሯ ልጅ ነኝ ይላል፤ አንዳንዱ «ይቅርታ፣ ቁጥር ተሳስቼ ነው» ብሎ ይጀምራል። ትሕትናው ደስ ይላል።

ለ/ ወዳጅነት፦ ለሳምንታት ምንም አይጠይቅም። እናትሽ እንዴት አደሩ ይላል፤ ፈተና እንዴት ነበር ይላል። በከተማው ግርግር ውስጥ ማንም ያልጠየቃትን እርሱ ይጠይቃታል። ይህን ደግነት ብቻ አድርገን ማየት የለብንም፤ አዳኝ ወጥመዱን ሲዘረጋ አይቸኩልም።

ሐ/ ምስጢር፦ «ነገሩ እስኪሳካ ለማንም አትንገሪ፤ ዓይን ይበላዋል» ይላታል። እዚህ ላይ ቆም ብለን ራሳችንን እንመርምር። ጉዞን ደብቆ መያዝ የእኛው ልማድ ነው። ሰው ቪዛው ተመትቶ፣ ሻንጣው ታስሮ፣ ወደ ቦሌ ሊወጣ ሲል ነው ለጎረቤት የሚናገረው። አታላዩ ይህን ልማዳችንን ያውቃል፤ ዝምታችንን መሣሪያው ያደርገዋል። ዋስ ሊሆኑን የሚችሉ ሰዎች ሁሉ በዚህች በአንዲት ቃል ከመንገዱ ይወገዳሉ።

መ/ ችኮላ፦ «እስከ ዓርብ ካልሆነ ቦታው ለሌላ ይሰጣል» ይላል። የቸኮለ ሰው ደግሞ አይጠይቅም።

ሠ/ ዋጋ፦ በመጨረሻ ክፍያ ይመጣል። መጀመሪያ ትንሽ ነው፤ ቀጥሎ የሕክምና ምርመራ፣ ቀጥሎ የኢንሹራንስ፣ ቀጥሎ የማኅተም እየተባለ ይጨምራል። 5,000 ብር የከፈለ ሰው ያንን ላለማጣት ሲል 10,000 ይጨምራል። አንዳንድ ጊዜ ግን ምንም ክፍያ አይጠየቅም፤ ትኬቱም በነፃ ይላካል። እንዲህ ያለው ከሁሉ የከፋ ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ጊዜ ዋጋው ተጓዡ ራሱ ነውና።

«እኔ ግን ማስረጃ ጠይቄዋለሁ፤ መታወቂያውን፣ የደመወዝ ወረቀቱን፣ የመኖሪያ ቤቱን ፎቶ ልኮልኛል» የሚል ይኖራል። በመጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 9 የገባዖን ሰዎች ያደረጉትን እናስታውስ። እዚያው አጠገብ የሚኖሩ ሲሆኑ ከሩቅ አገር የመጣን ነን አሉ፤ ለምስክርም የሻገተ እንጀራ፣ የተቀደደ አቁማዳ፣ የተጠገነ ጫማ አሳዩ። የእስራኤል አለቆች እንጀራውን አይተው ቃል ኪዳን ገቡ፤ እውነቱን ያወቁት ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ስሕተቱ የት ላይ ነው? ማስረጃውን ያቀረበው ራሱ ባለጉዳዩ መሆኑ ላይ ነው። ሰውየው ራሱ የላከው ፎቶ፣ ወረቀትና ቪዲዮ የሻገተው እንጀራ ነው። በተለይም ሰው ሠራሽ አስተውሎት ፊትንም ድምፅንም ማስመሰል በቻለበት በአሁኑ ጊዜ ባለጉዳዩ ለራሱ ምስክር ሊሆን አይችልም።

3ኛ/ ከባንኮክ እስከ ሚያዋዲ

ይህ ሁሉ በሐሳብ ብቻ የተነገረ እንዳይመስል በአገራችን ልጆች ላይ የደረሰውን እንመልከት።

በታይላንድና በሚያንማር ድንበር ላይ ሞኢ የሚባል ወንዝ አለ። በዚህኛው ዳር ሜ ሶት የምትባል የታይላንድ ከተማ ትገኛለች፤ በወዲያኛው ዳር የሚያንማር ከተማ ሚያዋዲ አለች። በሚያዋዲ ዙሪያ፣ ማዕከላዊው መንግሥት በማይቆጣጠረውና ታጣቂዎች በያዙት መሬት ላይ፣ በግንብና በሽቦ የታጠሩ ትልልቅ ግቢዎች ተሠርተዋል። ኬኬ ፓርክ እና ሽዌ ኮኮ የሚባሉት ይበልጥ የታወቁ ነበሩ። በእነዚህ ግቢዎች ውስጥ ይሠራ የነበረው ሥራ ምን ነበር? በኢንተርኔት ከማያውቁት ሰው ጋር ወዳጅ እየሆኑ ገንዘቡን መዝረፍ ነበር።

ወደዚያ የገቡት ብዙ ወጣቶች ግን ለዝርፊያ አልሄዱም። በታይላንድ የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛ፣ አስተርጓሚ ወይም የኮምፒዩተር ጸሐፊ ትሆናላችሁ ተብለው፣ ጥሩ ደመወዝ ተነግሯቸው ነው የሄዱት። ጥሪው የደረሳቸው በማኅበራዊ መገናኛ ወይም በደላላ ነው። ባንኮክ ሲደርሱ መኪና ይጠብቃቸዋል፤ ለብዙ ሰዓት ተጉዘው ወንዙን ይሻገራሉ፤ በዚያ ፓስፖርታቸው ይወሰዳል። ከዚያ የተረፉት እንደ ተናገሩት በቀን እስከ አሥራ ስድስትና አሥራ ሰባት ሰዓት ይሠራሉ፤ የታዘዙትን ያህል ገንዘብ ያላስገኘ ይደበደባል፣ በኤሌክትሪክ ይነዘራል፤ መውጣት የፈለገ ማስለቀቂያ ክፈል ይባላል።

የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ በሚያንማር ቢያንስ 120,000፣ በካምቦዲያ ደግሞ ወደ 100,000 የሚጠጉ ሰዎች በእንዲህ ዓይነት ሥራ ተገደው ሊያዙ እንደሚችሉ ገምቷል። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ማብቂያ ገደማ ዋንግ ሺንግ የተባለ ቻይናዊ ተዋናይ ፊልም ትሠራለህ ተብሎ ታይላንድ ከገባ በኋላ ወደዚሁ ድንበር ተወሰደ። ጉዳዩ በአገሩ ትልቅ ጩኸት ስላስነሣ በጥቂት ቀናት ተገኘ። ከዚያም ታይላንድ ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም. ለድንበሩ አካባቢ የምትሰጠውን ኤሌክትሪክ፣ ነዳጅና ኢንተርኔት አቋረጠች።

ከሳምንት በኋላ፣ የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ አንድ የካረን ብሔረሰብ ታጣቂ ቡድን 260 ሰዎችን ከግቢዎቹ አውጥቶ ለታይላንድ ጦር አስረከበ። ሰዎቹ ከሃያ ያህል አገሮች የመጡ ነበሩ። ከእነዚህ ውስጥ 138ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከግማሽ በላይ ማለት ነው። በቀጣዮቹ ሳምንታት ከግቢዎቹ የወጡት ሰዎች ቁጥር ወደ 7,000 ተጠጋ፤ ብዙዎቹም ወደ አገራቸው የሚወስዳቸው አውሮፕላን እስኪገኝ በድንበሩ ላይ ለሳምንታት ቆዩ።

እንግዲህ ጥያቄያችንን እናንሣ። እነዚያ 138 ወጣቶች ሲጠፉ የጋበዛቸው ሰው ምን አጣ? ምንም አላጣም። እንዲያውም በጠፉት ልክ አተረፈ። የቻይናው ተዋናይ በቀናት ውስጥ መገኘቱና የእኛዎቹ መቆየታቸውም የሚያስተምረን ነገር አለ። እርሱ ሲጠፋ ወዲያው የጮኸለት ሰው ነበረው። በምስጢር የሄደ ሰው ግን መጥፋቱ የሚታወቀው ዘግይቶ ነው።

4ኛ/ በወዲያኛው ጫፍ ያለው ማን ነው?

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው ነገር ይህ ነው። ኮተቤ ለምትኖረው ወጣት «እናትሽ እንዴት አደሩ?» እያለ የሚጽፈው ሰው ባለጸጋ አታላይ ላይሆን ይችላል። እርሱም እንደ እርሷ በሥራ ማጣት ተማርሮ ከቤቱ የወጣ፣ አሁን በታጠረ ግቢ ውስጥ ተቀምጦ የዕለት ድርሻውን ካልሞላ የሚገረፍ ወጣት ሊሆን ይችላል። ደግ ቃል የሚጽፈው ዱላ ፈርቶ ነው። የተታለለውን ሰው ሌላውን እንዲያታልል ያስገድዱታል፤ አንዱ ናፍቆት ለሌላው ናፍቆት ወጥመድ ይሆናል።

ይህን ማወቅ ሁለት ነገር ያስተምረናል። የመጀመሪያው፣ ከተያዙበት ወጥተው የመጡ እኅቶቻችንና ወንድሞቻችን ሲመለሱ «ሌባ ሆነው መጡ» ወይም «ሳይሳካላቸው ተመለሱ» ብለን እንዳንጠቋቆምባቸው ነው። የደረሰባቸውን እንዲናገሩ ጆሮ ብንሰጣቸው ከማንም የተሻሉ መምህራን ይሆኑናል። ብናሳፍራቸው ግን ዝም ይላሉ፤ የእነርሱ ዝምታ ደግሞ ለቀጣዩ ወጣት ወጥመድ ይሆናል። ሁለተኛው፣ የቃል መጣፈጥ የልብ ማረጋገጫ አለመሆኑ ነው። የሚጽፍልን ሰው ርኅሩኅ ልብ ያለው ቢሆን እንኳ በጀርባው የቆመውን አናይም።

5ኛ/ እውነተኛው መንገድ ዋስ አለው

አንድ ነገር እናስተውል። ከስድስት ኪሎ በሽሮ ሜዳ አድርጎ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣ ሰው በመንገዱ የአሜሪካን ኤምባሲ አጥር ያልፋል። የእንግሊዝና የሩስያ ኤምባሲዎች የሚገኙት በእኛው በየካ ክፍለ ከተማ ነው። በእግራችን የምናልፋቸው መሥሪያ ቤቶች ደንባቸውን በራሳቸው ድረ ገጽ አውጥተው ሳለ እኛ ስለ እነርሱ የምንጠይቀው የት እንዳለ የማናውቀውን ሰው ነው። ደንቦቹን ብናነብ ግን አባቶቻችን ያውቁት የነበረውን ዋስ በውስጣቸው እናገኘዋለን።

ጋብቻን እንመልከት። በአሜሪካ ሕግ ለእጮኛ የሚሰጠው ቪዛ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ሁለቱ ሰዎች ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ባሉት ሁለት ዓመታት ውስጥ በአካል መገናኘታቸውን ማስረዳት ይጠይቃል። የትዳር ጓደኛውን የሚያስመጣ ሰውም ገቢውን አሳይቶ፣ የመጣው ሰው ቢቸገር ኃላፊነት እወስዳለሁ ብሎ ይፈርማል። ይህ ዋስ ካልሆነ ምን ይባላል? ስለዚህ «ሳንተያይ ወረቀቱን እጨርሳለሁ፤ አንቺ ብቻ ለማስፈጸሚያ ላኪልኝ» የሚል ሰው ከሕጉ ጋር እየተጋጨ ነው።

ዲቪን እንመልከት። ይህ ዕጣ እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣ ሕግ የተመሠረተ ነው። በቆየው አሠራር መሠረት ዕጣ የወጣለት ሰው ውጤቱን የሚያየው ሲመዘገብ የተሰጠውን ቁጥር ይዞ በመንግሥቱ ድረ ገጽ ላይ ራሱ በመግባት ነበር። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤትም ለዕድለኞች በኢሜይል «ደርሶሃል፤ ክፈል» እያልኩ አልጽፍም ሲል አስጠንቅቋል። «ስምህ ወጥቷል፤ ይህን ያህል ላክ» የሚል መልእክት ስንቱን ቤት እንዳራቆተ ግን ሁላችንም በየሠፈራችን የሰማነው ነው።

ትምህርትን እንመልከት። የእንግሊዝ መንግሥት የሚሰጠው ቼቭኒንግም ሆነ የአሜሪካው ፉልብራይት የማመልከቻ ክፍያ አይጠይቁም። «የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝቼልሃለሁ፤ የመመዝገቢያውን ላክ» የሚል ሰው ነፃ የተባለውን ነገር በዋጋ እየሸጠ ነው።

ሥራን እንመልከት። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ሕጋዊ ወረቀት የላቸውም ያለቻቸውን ስታስወጣ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ውስጥ ተመልሰዋል። በዚያው ዓመት መንግሥት የሥራ ጉዞውን አገደ፤ እገዳው የተነሣው በ2010 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ወጣ፤ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 1246/2013 ተሻሻለ። የአዋጁ መንፈስ ሲታይ የዋስ ሕግ ነው። ሠራተኛ የሚልከው ኤጀንሲ ፈቃድ እንዲያወጣና ለሠራተኛው መብት መጠበቂያ የሚሆን ገንዘብ በዋስትና እንዲያስይዝ አስገድዷል። የመግቢያ ቪዛውን፣ የደርሶ መልስ መጓጓዣውን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን እንዲሁም የኢንሹራንሱን ወጪ በአሠሪው ላይ ጥሏል። ለሠራተኛው የተወው እንደ ፓስፖርትና የሕክምና ምርመራ ያሉትን የራሱን ወጪዎች ነበር። ሰውን በማዘዋወር የሚነግዱትን የሚቀጣውም አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ነው። ስለዚህ «የቪዛህን ክፈል» የሚል ቀጣሪ ነኝ ባይ ሲመጣ ወዲያው መጠርጠር ይገባል። «ጠርጥር፣ ገንፎም አለው ስንጥር» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

6ኛ/ «ዘመድ የሌለውስ?»

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። «አጎቱ ሲያትል ያለለት ልጅ ዋስ አለው። እኔ ግን ውጭ አገር ማንም የለኝም። እንግዳውን ካልተጠጋሁ ማንን ልጠጋ?» የሚል ወንድም ወይም እኅት ይኖራል። ይህ በቀላሉ የሚታለፍ ጥያቄ አይደለም። ድሃ እንግዳን የሚያምነው ሞኝ ስለ ሆነ ሳይሆን ሌላ በር ስለ ተዘጋበት ነው።

መልሳችን ግን ይህ ነው። በመጀመሪያ፣ ዘመድም ሁልጊዜ ዋስ አይደለም። ብዙ ወጣቶችን ለደላላ ያስተዋወቃቸው የሠፈር ልጅ ወይም የሩቅ ዘመድ ነው። ዋስ የሚጎዳ ነው ብለናል፤ ድርሻውን ተቀብሎ ዞር የሚል ዘመድ ዋስ አይባልም። ሁለተኛ፣ ዘመድ ለሌለው ሰው ሕግ ዘመዱ ነው። ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ፣ የተመዘገበ የሥራ ውል፣ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ምዝገባ ቢዘገዩም፣ ቢያሰለቹም፣ የሚጠየቅ አካል አላቸው። ሦስተኛ፣ ኅብረት ዘመድ ነው። እንግዳውን መጠጋት ካስፈለገ ብቻችንን አንጠጋው። ለአንድ ሰው ብቻ የሚነገረውን ውሸት ለአምስት ሰው መናገር ይከብዳል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው እዚህም ይሠራል።

በኢንተርኔት የሚገኝ እውነተኛ ወዳጅም መኖሩን መካድ አይገባም። የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ እንዴት እንደሚጻፍ በትዕግሥት ያስረዱ፣ «ይህ ደብዳቤ ሐሰተኛ ነው፤ ተጠንቀቅ» ብለው ያስጣሉ፣ በአካል ያላየናቸው የአገር ልጆች አሉ። የእነዚህ ምልክታቸው ምንድን ነው? ምስጢር አይጠይቁም፤ አያስቸኩሉም፤ «ሌላም ሰው ጠይቅ» ይላሉ። እውነተኛ ሰው ብንጠይቀው አይቆጣም። አታላይ ግን ስንጠይቀው «አታምኚኝም ማለት ነው?» ብሎ ያኮርፋል። ሲጠየቅ የሚያኮርፍ ሰው መልሱን ሰጥቷል።

7ኛ/ ምን እናድርግ?

ሀ/ የማዕድ በራችንን አንዝጋ፤ ሰላምታ ለሰጠን ሰላምታ እንስጥ። የጎተራ በራችንን ግን፣ ማለትም ፓስፖርታችንን፣ ገንዘባችንን፣ ፎቶግራፋችንንና ጉዟችንን፣ ያለ ዋስ አንክፈት።

ለ/ «ለማንም አትንገር» የሚለውን ቃል በሰማንበት ዕለት ለሦስት ሰው እንንገር፤ ለአንድ የቤተሰብ ሰው፣ ለአንድ ወዳጅ፣ ነገሩን በሥራው ለሚያውቅ ለአንድ ሰው። ዓይን የሚበላው ጉዞ አይተን አናውቅም፤ ምስጢር የበላውን ግን አይተናል።

ሐ/ ማስረጃን ከባለጉዳዩ አንቀበል። የኩባንያውን ስም ከሰጠን ስልኩን ከሌላ ምንጭ ፈልገን ራሳችን እንደውል። ኤጀንሲ ነኝ ካለ ፈቃዱን ከሚኒስቴሩ እንጠይቅ።

መ/ የሚሄድ ሰው የቪዛውን፣ የትኬቱንና የአድራሻውን ቅጂ ቤት ይተው። በደረሰ ዕለት እንዲደውል፣ ካልደወለ ቤተሰቡ ወዴት እንደሚጮኽ አስቀድሞ ይነጋገሩ።

ሠ/ በየእድራችንና በየማኅበራችን ይህ ጉዳይ ይነሣ። እድር ሰው ከሞተ በኋላ ድንኳን ይተክላል፤ ሰው ከመጥፋቱ በፊትም «ልጄ፣ ውሉን እስኪ አሳየኝ» የሚል አባት ወይም እናት ቢመደብ ምን ይጎዳል?

ወላጆችም አንድ ነገር ይጠበቅባቸዋል። ልጅ ነገሩን ሲያዋየን በቁጣ «አርፈህ ተቀመጥ» ብንለው ዳግመኛ አያማክረንም፤ የሚያማክረው ያንኑ እንግዳ ነው። አታላዩ ለሳምንታት «እንዴት አደርሽ» እያለ የገዛውን ልብ እኛ በአንድ ቀን ቁጣ ልንመልሰው አንችልም። ስለዚህ እንግዳው ከመጠየቁ በፊት ቤተሰብ ይጠይቅ።

መሄድ የሚሻ ይሂድ፤ መንገዱም ይቅናው። ነገር ግን ሲሄድ «ቢጠፋ አብሬው እጎዳለሁ» የሚል አንድ ሰው በስተኋላው ቆሞ የሚያይበትን መንገድ ይምረጥ። ይህ ሰው ያለው ተጓዥ ሩቅ ቢሄድም ብቻውን አልሄደም።

ለውይይት የቀረቡ ጥያቄዎች

1. በሠፈራችን ሰው ጉዞውን የሚደብቀው ለምንድን ነው? መደበቁ የጠቀመበትና የጎዳበት ጊዜ አለ?

2. «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» የሚለው አባባል በዚህ ጉዳይ ላይ ልክ ነው ወይስ አይደለም? ምክንያታችሁን አስረዱ።

3. ከስደት የተመለሰ ወጣት ያየውን ያለ እፍረት እንዲናገር እኛ ምን ልናደርግለት እንችላለን?

4. አሁን በስልካችሁ ከምታውቋቸው ሰዎች መካከል ብትጠፉ አብሯችሁ የሚጎዳው ማን ነው?

ከሰንበት ትምህርት ቤቱ አባልና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ
የካ፣ አዲስ አበባ